የካቲት 23 እና ያላለቀው ኮድ

ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። አራት ኪሎ አካባቢ ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ፣ መስኮት ሥር፣ ሁለት ሰዎች አንድ ላፕቶፕ መሃላቸው አስቀምጠው ይነጋገራሉ። አንደኛው ፕሮግራም መጻፍ ሲያስተምሩ ጸጉራቸው የሸበተ መምህር ናቸው። ሌላዋ የቀድሞ ተማሪያቸው ናት። ቀን መሥሪያ ቤት ትውላለች፤ ማታ ማታ ያለ ክፍያ በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ላይ ትሠራለች። ክፍት ምንጭ የሚባለው ኮዱ ለሁሉም የተከፈተ፣ የፈለገ ሰው አንብቦ፣ አርሞ፣ የራሱን ጨምሮበት መልሶ የሚያበረክተው ሶፍትዌር ነው። ዛሬ ወደ መምህሯ የመጣችው ከፍቷት ነው።

«አራት ወር የለፋሁበትን አልተቀበሉኝም» አለች፣ ያዘዘችው ማኪያቶ ገና ሳይመጣ።

የለፋችበት የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ነው። በብዙ አገር ሰዎች ኮምፒውተራቸው ላይ ለሚጭኑት አንድ የቀን መቁጠሪያ ፕሮግራም 13ቱን ወራት ከነበዓላታቸው ጽፋ አቅርባ ነበር። የፕሮጀክቱ ጠባቂዎች አመስግነው በአጭሩ መለሱላት፤ የሚቀጥለው እትም የቆዩ ስህተቶች የሚታረሙበት ብቻ ስለሆነ አዲስ ነገር አይገባበትም።

«አልተቀበሉሽም ወይስ አቆዩሽ?» ሲሉ ጠየቁ መምህሩ።

«ለእኔ ያው ነው፣ መምህር። አንድ ሕዝብ በሙሉ የሚቆጥርበት ዘመን በር ላይ ቆሞ እነሱ የአዝራር ቦታ ያስተካክላሉ።»

መምህሩ ወዲያው አልመለሱም። ጥያቄው ለእሳቸው አዲስ አይደለም። በክፍት ምንጭ ዓለም ውስጥ ሰዎች ዓመት ከዓመት ከሚከራከሩባቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው ነው፤ አዲስ ተግባር ይቅደም ወይስ ያለውን ማጥራት? ማጥራት የሚሉት ግንበኞች ፊኒሺንግ የሚሉትን ነው። ቤቱ ቆሟል፣ ጣሪያው ገብቷል፤ በሩ ግን ሲዘጋ ይታገላል፣ የመብራቱ ማብሪያ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ቀርቷል፣ ውሃው በሚወርድበት በኩል ወለሉ ዘቅዘቅ አላለም። ሶፍትዌርም እንደዚያው ነው። ይሠራል፣ ግን የሚጠቀምበትን ሰው በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ያደክመዋል።

«እንግዲያው ክርክርሽን በወጉ አቅርቢው» አሏት። «አዲሱ ይቀድማል ነው የምትዪው?»

«ይቀድማል። ብሌንደርን ይዩት።»

ብሌንደር ባለሦስት አውታር ምስልና አኒሜሽን መሥሪያ ነው። ባለቤቱ የነበረው ድርጅት ሲዘጋ ፈጣሪው ቶን ሮዘንዳል እ.ኤ.አ. በ2002 ከሕዝብ 100,000 ዩሮ አሰባስቦ ኮዱን ከባለገንዘቦቹ እጅ አስለቀቀው፤ ገንዘቡ የሞላው በሰባት ሳምንት ነበር። ልጅቷ ይህን ታሪክ በቃሏ ታውቀዋለች።

«ነጻ ከወጣ በኋላ ግን ብዙ ባለሙያ ለዓመታት ዞር ብሎም አላየውም» አለች። «ነገሩ የተለወጠው በ2019 እትም 2.80 ሲወጣ ነው። ኢቪ የሚባል ሞተር ጨመሩበት፤ ሠዓሊው መብራቱንና ጥላውን እየሠራ እዚያው በዚያው የሚያየው። የላትቪያው ዳይሬክተር ጊንትስ ዚልባሎዲስ ‹ፍሎው› የተሰኘውን ፊልሙን በዚያ ሠራ። በ2025 ፊልሙ በአኒሜሽን ዘርፍ ኦስካር ተሸለመ። በትንሽ ገንዘብ፣ በጥቂት ሰው፣ በነጻ ሶፍትዌር! ይህን ያመጣው አዲስ ተግባር ነው እንጂ የተወለወለ አሮጌ ተግባር አይደለም።»

«ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ግማሹን ግን ዘለልሽው» አሉ መምህሩ። «ከ2.80 በፊት ብሌንደር ውስጥ አንድን ነገር ለመምረጥ የትኛውን የማውስ ቁልፍ ነበር የምንጫነው?»

«የቀኙን።»

«ዓለም ሁሉ በግራ ሲመርጥ ብሌንደር በቀኝ ያስመርጥ ነበር። ተማሪዎቼ ፕሮግራሙን ከፍተው በአምስት ደቂቃ የሚዘጉት በዚህ ነበር። ያው 2.80 ምርጫውን ወደ ግራ አዞረው፣ ምናሌዎቹን አደራጀ፣ ምልክቶቹን እንደ አዲስ ሣለ። ኢቪን አዲስ ተግባር በይው፤ የግራውን ቁልፍ ምን ትይዋለሽ? አንድም አዲስ ነገር የማይሠራ፣ ነገር ግን በሩን የከፈተ ሥራ ነው። ኢቪ ቤቱ ውስጥ ያለ ድንቅ ክፍል ቢሆን፣ ሰው መጀመሪያ በሩን ከፍቶ መግባት አለበት።»

ልጅቷ ልትመልስ አፏን ስትከፍት መምህሩ በእጃቸው አስቆሟት። ገና አልጨረሱም ነበር። የብሌንደር ሰዎች ከ2024 ወደ 2025 በተሻገረው የአውሮፓ ክረምት ወራት አዳዲስ ሥራዎችን ገታ አድርገው፣ ዘመቻውን «የጥራት ክረምት» ብለው ሰይመው፣ የተከማቹ ስህተቶችን ሲያርሙ ከረሙ። በመጋቢት 2025 የወጣው እትም 4.4 ያፈራው ያ ወቅት ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ስህተቶች ታረሙ። ኦስካሩ የተሰጠውም በዚያው ወር፣ እትሙ ከመውጣቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ነበር።

«ስማቸው በዓለም ሁሉ በሚነሳበት ሰዓት ምን ሲሠሩ እንደነበረ አየሽ?» አሉ። «ስህተት ሲለቅሙ።»

ማኪያቶው መጣ። ልጅቷ ስኳሩን እያማሰለች ዝም አለች፤ ዝምታዋ ግን የመስማማት አልነበረም።

መምህሩ ቀጠሉ። «አሁን ደግሞ አዲስ ተግባር ያስከፈለውን ልንገርሽ። ኸርትብሊድን ታስታውሺዋለሽ?»

ስሙን ሰምታለች፤ ሲሆን ግን ገና ተማሪ ነበረች። ነገሩ የደረሰው ኦፕን-ኤስኤስኤል በሚባለው፣ በኢንተርኔት የሚተላለፍ መልእክት ሌላ እንዳያነበው በሚያመሰጥረው ሶፍትዌር ላይ ነው። በመጋቢት 2012 በወጣው እትም 1.0.1 ላይ «የልብ ትርታ» የሚባል አዲስ ተግባር ገባ። ሁለት ኮምፒውተሮች ግንኙነታቸው አለመቋረጡን የሚጠያየቁበት ነው። አንዱ «አለህ? ካለህ ይህን ባለ አምስት ፊደል ቃል መልስልኝ» ይላል፤ ሌላው ቃሉን መልሶ ይልካል። ይኸው ነው።

«ጠያቂው አምስት ፊደል ልኮ ‹60,000 ነው የላክሁት፣ ያንኑ ያህል መልስልኝ› ቢልስ?» አሉ መምህሩ። «ሰርቨሩ አይቆጥርም ነበር። አምስቱን ፊደል ይመልስና የቀረውን ከገዛ ሜሞሪው እየዘረገፈ ይልካል። የይለፍ ቃል ይሁን፣ ምስጢር መፍቻ ቁልፍ ይሁን፣ እዚያ ያገኘውን ሁሉ። በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት። የጎደለው አንዲት የርዝመት ፍተሻ ነበረች። ይህ ክፍተት ሁለት ዓመት ተቀምጦ በሚያዝያ 2014 ይፋ ሲወጣ ግማሽ ዓለም የይለፍ ቃል ቀይር ተባለ። አሁን ንገሪኝ፤ ከዚያ ሁሉ ተጠቃሚ ስንቱ ነው ‹የልብ ትርታ ጨምሩልኝ› ብሎ የለመነው?»

እዚህ ላይ ልጅቷ ቀና አለች። ይህን መልስ ተዘጋጅታበት የመጣች ይመስል ነበር።

«መምህር፣ ያንን ያመጣው አዲስነቱ አይደለም፤ ድህነት ነው። ያ ፕሮጀክት የዓለምን ንግድ ተሸክሞ በዓመት የሚያገኘው መዋጮ ወደ 2,000 ዶላር ብቻ ነበር። ሙሉ ጊዜውን የሚሠራበት ሰው አንድ ነበር። ኮዱን ደጋግሞ የሚያይ ዓይን ቢኖር ፍተሻዋ ትታይ ነበር። ለዚያም ነው ጉዱ ከወጣ በኋላ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በሊኑክስ ፋውንዴሽን በኩል ገንዘብ ያዋጡት። አዲስ ተግባር አይግባ ማለት መፍትሔ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ ባላስፈለገ።»

መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ተማሪ ውሃ የሚያነሳ ክርክር ሲያመጣ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ይነበባል።

«ልክ ነሽ። እኔም አይግባ አላልኩም። ያስገባው ሰውና የሚጠብቀው ሰው የተለያዩ ናቸው ነው የምለው። ሎግ ፎር ጄን ውሰጂ።»

ሎግ ፎር ጄ በጃቫ የተጻፉ ፕሮግራሞች የሥራ መዝገባቸውን የሚጽፉበት ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ስሙን ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ በባንኩ ወይም በሚጫወተው ጨዋታ በኩል ሳያውቀው ተጠቅሞበት ሊሆን ይችላል። በ2013 አንድ ተጨማሪ ተግባር ገባበት፤ መዝገቡ ውስጥ የተጻፈ ልዩ ምልክት ሲያገኝ ከሌላ ሰርቨር መረጃ አፈላልጎ የሚያመጣ። በታኅሣሥ 2021 ይኸው ተግባር ማንም ሰው አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ልኮ የሌላን ሰው ሰርቨር እንዲቆጣጠር እንደሚያስችል ታወቀ። ለአደጋው ደረጃ 10 ከ10 ተሰጠው። ጠባቂዎቹ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። አሮጌውን ተግባር ባይወዱትም የሚጠቀምበት ሰው ይኖራል ብለው ትተውት ነበር፤ አሁን ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብለው አረሙት።

«ተግባሩን የጨመረው ሰው ክፋት የለበትም» አሉ መምህሩ። «የሚያስፈልገውን ጨመረ፣ አመሰገኑት፣ ወደ ኑሮው ተመለሰ። ከስምንት ዓመት በኋላ እንቅልፍ ያጣው ሌላ ሰው ነው። አንድ ሰው በሁለት ሳምንት የሚጨምረውን ሌላው ዓመታት ይሸከመዋል።»

«እንግዲህ ጠባቂዎቹ በሩን ይዝጉት?»

«ዘግተውት ያውቃሉ። የዘጉበትንም አውቃለሁ።»

«እኔም አውቃለሁ» አለች ልጅቷ ፈጥና። «ደቢያን!»

ደቢያን በሊኑክስ ቤተሰብ ውስጥ በጥንቃቄው የታወቀ ሥርዓት ነው። ከባድ ስህተቶቹ እስኪታረሙ እትም አያወጣም፤ መቼ እንደሚወጣ ሲጠየቅ የለመደው መልስ «ሲደርስ» የሚል ነው። እትም 3.0 በሐምሌ 2002 ወጣ። ቀጣዩ 3.1 እስከ ሰኔ 2005 ዘገየ። በመካከል፣ በጥቅምት 2004፣ ከዚያው ከደቢያን ኮድ የተወለደው ኡቡንቱ በየስድስት ወሩ አዲስ እትም አወጣለሁ ብሎ ብቅ አለና ብዙ ሰው ወደ እሱ ጎረፈ።

«ሦስት ዓመት ሲያጠሩ ሰው ጥሏቸው ሄደ» አለች። «አዲስ ኮምፒውተር የገዛ ሰው የአሮጌ ኮምፒውተር ሥርዓት ሊጭን አይችልም። የማይጨመርበት ሶፍትዌር ቢያበራም ማንም አይመጣም፤ ሰው ካልመጣ ደግሞ የሚያጠራውም የለም። እኔ ራሴ ወደዚህ ሥራ የገባሁት አዲስ ነገር ልጨምር ብዬ ነው። የሌላን ሰው ስህተት ልልቀም ብሎ ከእንቅልፉ የሚነሳ በጎ ፈቃደኛ የለም።»

«አለ» አሉ መምህሩ።

«ማን?»

«አንቺ። የመጀመሪያው ሥራሽ ምን ነበር?»

ልጅቷ ጥቂት አሰበችና ፈገግ አለች። የመጀመሪያው ሥራዋ በአንድ የጽሕፈት ፕሮግራም ምናሌ ውስጥ የአማርኛ ፊደል አናቱ ተቆርጦ ይታይ የነበረውን ማስተካከል ነበር። የመስመሩ ከፍታ የተለካው ለላቲን ፊደል ስለነበር የግዕዙ ፊደል አልበቃውም። ከተስተካከሉት መስመሮች ብዛት ይልቅ ለማሳመን የጻፈቻቸው መልእክቶች ይበዙ ነበር።

«ምን ብለው መዘገቡት?» ጠየቁ መምህሩ።

«‹ጥቃቅን መልክ ማስተካከያ› ብለው።» ፈገግታዋ ጠፋ። «እዚህ ላይ ነው የሚያናድደኝ። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ ፊደላችንን ‹ያውቃል›። ግን ማወቅና በትክክል ማሳየት፣ ማወቅና በቀላሉ ማስጻፍ ለየብቻ ናቸው። ለለንደን ፕሮግራመር የመልክ ማስተካከያ የሆነው ለእናቴ ማንበብ መቻልና አለመቻል ነው። ለእነሱ ተጨማሪ ጌጥ የሆነው የዘመን አቆጣጠር ለእኛ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ታዲያ አዲስ ተግባር የቱ ነው፣ ማጥራትስ የቱ ነው? የሚለየው ማን ነው?»

መምህሩ ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አልነበራቸውም። ስኒያቸውን አዙረው አዙረው አስቀመጡት።

«ይህን አላሰብኩትም» አሉ በመጨረሻ። «እውነት ነው። ድንበሩን የሚያሰምረው ሶፍትዌሩ መጀመሪያ የተሠራለት ሰው ነው። በእሱ ዓይን ያለው ሁሉ መሠረት ነው፤ በሌላው ዓይን ያለው ሁሉ ጭማሪ ነው።»

ከዚያ በኋላ ንግግራቸው ከመካረር ወጣ። መምህሩ ማጥራት በዘፈቀደ ሲተው ምን እንደሚመጣ ለማሳየት ኬዲኢን አነሱ። ኬዲኢ የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ከሚያዘወትሯቸው የዴስክቶፕ ገጾች አንዱ ነው። በጥር 2008 እትም 4.0 ሲወጣ ከሥር እስከ ላይ እንደ አዲስ የተጻፈ ነበር። ገንቢዎቹ ይህ መሠረት ነው፣ ገና ይገነባበታል ብለው ነበር። ተጠቃሚው ያየው ግን «4.0» የሚለውን ቁጥር ነው፤ ያለቀ መስሎት ጫነው። ፓነሉ እንደ ቀድሞው አይታዘዝም፤ የለመዳቸው ብዙ ነገሮች የሉም። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ሳይቀር ትቶት ወደ ተፎካካሪው ወደ ግኖም ሄደ፤ ምክንያቱንም በአደባባይ ተናገረ።

«የሚያስደንቀኝ መውደቃቸው አይደለም፤ አነሳሳቸው ነው» አሉ መምህሩ። «በ2022 የ15 ደቂቃ ስህተቶች የሚል ዘመቻ ጀመሩ። አንድ አዲስ ሰው ሥርዓቱን ከፍቶ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት የሚያጋጥመውን ስህተት ለይተው፣ ቆጥረው፣ ዝርዝሩን ለሁሉም ከፍተው አስቀመጡ። ዝርዝሩ ሲያጥር ሁሉም ያየዋል። በ2024 ፕላዝማ 6ን ሲያወጡ እንደገና ትልቅ ለውጥ ነበር፤ የ2008ቱ ዓይነት ግርግር ግን አልተደገመም።»

«ኡቡንቱም ይህን በ2009 ሞክሯል» አለች ልጅቷ። «መቶ የወረቀት ቁርጠቶች ይሉት የነበረው። ወረቀት ጣትሽን ሲቆርጥሽ አይገድልሽም፣ ግን ቀኑን ሙሉ ያቃጥልሻል። እንደዚያ ያሉትን፣ ለማረም ቀላል የሆኑትንና ማንኛውም ተጠቃሚ ገና በመጀመሪያው ቀን የሚገጥሙትን መቶ ስህተቶች ለይተው ለአንድ እትም መደቡ።»

«ሁለቱ ምን ያመሳስላቸዋል?»

ጥያቄውን ሰምታ ጣቶቿን ማጠፍ ጀመረች። «ሥራው ስም አለው። ቁጥር አለው። ትንሽ ስለሆነ አዲስ የገባ ሰው ሊይዘው ይችላል።» ሦስተኛው ጣት ላይ ቆመች። «ደግሞ ጊዜው የተለየ ነው። ሰው ሲመቸው የሚሠራው ሳይሆን ወሩ የተቆረጠለት።»

«ይኸው!» መምህሩ ጠረጴዛውን በጣታቸው መቱ። «የሊኑክስን ከርነል አሠራር ታውቂዋለሽ። አዲሱ ሁሉ የሚገባው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። ከዚያ በሩ ይዘጋል፤ ቀጥሎ ያሉት ሰባት ያህል ሳምንታት የማረሚያ ብቻ ናቸው፣ በየሳምንቱ የሙከራ እትም እየወጣ። ያመለጠው ሰው አያለቅስም፤ ከሁለት ወር በኋላ በሩ እንደገና ይከፈታል። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች አዲስ ይቅደም፣ ማጥራት ይቅደም ብለው ሳይጣሉ አብረው የሚሠሩት ለሁለቱም ቀን ስለተቆረጠላቸው ነው።»

ልጅቷ ወዴት እየወሰዷት እንደሆነ ገባት። የፕሮጀክቱ ጠባቂዎች የጻፉላት ደብዳቤም ሲመረመር ይህንኑ ነው የሚለው፤ በሩ ለጊዜው ተዘግቷል። ቢሆንም አልተዋጠላትም።

«የእኔ ሥራ ግን ያለቀ ነው፣ መምህር። ለምን ይጠብቃል? ፈትሼዋለሁ። የዘንድሮን በዓላት ሁሉ አንድ በአንድ አይቻለሁ። ጳጉሜን 6ን ራሱ አልረሳሁም። የ2015ን ጳጉሜን ስድስት ቀን አድርጎ፣ የ2016ን እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ላይ ያውለዋል።»

«እስኪ አሳዪኝ።»

ላፕቶፑን አዞረችላቸው። መምህሩ መነጽራቸውን አደረጉና ቀስ ብለው አንድ ቀን ጻፉ፦ የካቲት 23 ቀን 1888። ፕሮግራሙ ወዲያው መለሰ፦ ሰኞ፣ ማርች 2 ቀን 1896።

መምህሩ ምንም አልተናገሩም። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየች። አሁንም አየች።

«ዐድዋ ሰኞ አይደለም» አለች በለሆሳስ። «እሑድ ነው። የጊዮርጊስ ዕለት፣ እሑድ።»

«በፈረንጆቹም ማርች 1 ነው።»

«ግን የካቲት 23ን የምናከብረው በማርች 2 ነው! በየዓመቱ!»

«ዛሬ አዎ። ያኔ አይደለም።»

ምክንያቱን አብረው በሶፍት ጀርባ ላይ አሰሉት። የእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ሳይዘል ጳጉሜንን ስድስት ያደርጋል። የጎርጎርዮሳውያኑ ግን በየመቶ ዓመቱ መዝጊያ ላይ፣ ለ400 ካልተካፈለ በቀር፣ ተጨማሪዋን ቀን ይተዋል። 1900ን ትቷል፤ 2000ን አልተወም፤ 2100ን ይተዋል። ስለዚህ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ላይ፣ ከጳጉሜን 6 በኋላ ደግሞ 12 ላይ የሚውለው ለእነዚህ ሁለት መቶ ዓመታት ብቻ ነው። ከ1900 በፊት አንድ ቀን ቀደም ይል ነበር፤ ከ2100 ጀምሮ አንድ ቀን ይዘገያል። ልጅቷ የጻፈችው ኮድ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን «ሴፕቴምበር 11» ተራ ሕግ አድርጎ ይዟል። ለዘንድሮ፣ ለአምና፣ ለአያቷ የልደት ቀን ይሠራል። ዐድዋ ላይ ሲደርስ በአንድ ቀን ይስታል።

«አራት ወር!» አለች፣ ግንባሯን በእጇ ይዛ።

«አራት ወሩ አልባከነም» አሉ መምህሩ፣ ድምፃቸው ለስልሶ። «ግን አንድ ነገር ልብ በዪ። ይህ ኮድ ባለፈው ወር ገብቶ ቢሆን ኖሮ ስህተቱን ማን ያየው ነበር? ከጠባቂዎቹ መካከል ዐድዋ እሑድ መሆኑን የሚያውቅ አለ?»

«የለም።»

«እነሱ በትጋት ይሠራሉ፤ ይህን ግን ሊያጠሩት አይችሉም። ማጥራት የሚችለው የሚያውቀው ነው። አንድ የታሪክ ተማሪ ከፍቶ ‹ሰኞ› ሲል ያነባል፣ ‹እነዚህ ታሪካችንን አያውቁም› ብሎ ይዘጋዋል። ተሳስተሽ የነበርሽው አንቺ ነሽ፤ የሚወቀሱት እነሱ ይሆናሉ። ቀደም ብለሽ የጠየቅሽኝ፣ አዲሱን ከማጥራቱ የሚለየው ማን ነው ያልሽው፣ እኔ እንጃ። አብሮት የሚቆየው ሰው ማን እንደሆነ ግን ኮዱ ሳይገባ መታወቅ አለበት። ለዚህኛው ከአንቺ በቀር ሰው አይታየኝም።»

ውጭ ዝናቡ ቀንሷል። ልጅቷ ኮዱን ከፍታ የሴፕቴምበሩን ሕግ ሰረዘችው። በምትኩ ቀኑን ከአንድ ቋሚ መነሻ ጀምሮ በተራ ቁጥር የሚቆጥር፣ ከዚያ ቁጥሩን ወደ ፈለጉት አቆጣጠር የሚመልስ ስሌት መጻፍ ጀመረች። መምህሩ አይሲዩ የሚባለው ክፍት ምንጭ ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያን አቆጣጠር እንደሚያውቅ አስታወሷት፤ ውጤቷን ከእሱ ጋር እንድታመሳክር። ፈተናዎቹን አንድ በአንድ ጻፈች፦ የካቲት 23 ቀን 1888። ጳጉሜን 6 ቀን 2015። መስከረም 1 ቀን 2093፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2100 መሆን ያለበት።

የመጀመሪያውን አስኬደችው። ማርች 1 ቀን 1896 አለ፤ ከጎኑም እሑድ።

«አሁን ላኪዋ» አሉ መምህሩ፣ ለአስተናጋጁ ሒሳብ እየጠሩ።

«ነገ። ከአይሲዩ ጋር ሳላመሳክር አልክም። በሩም እስኪከፈት ሁለት ወር አለኝ።»

ላፕቶፑን ግን አልዘጋችውም። ፕሮጀክቱ ለሚቀጥለው እትም ሊያርማቸው የዘረዘራቸውን ስህተቶች ከፍታ ወደ ታች እያየች ነው። አብዛኛው በእርግጥም የአዝራርና የምናሌ ጉዳይ ነው። አንዱ ላይ ስትደርስ ቆመች። አንድ ተጠቃሚ ከሩቅ አገር የጻፈው ነው፤ በበርማ ቋንቋ የወራቱ ስሞች ሲጻፉ የፊደሎቹ ግርጌ ይቆረጣል፣ ሁለት ወር ተለይቶ አይነበብም ይላል። ከጻፈው አንድ ዓመት አልፎታል፤ ሥራውን የያዘው ሰው በሚለው ቦታ ላይ ማንም አልተጻፈም።

«ምን አገኘሽ?» አሉ መምህሩ ካፖርታቸውን እየደረቡ።

«የመስመር ከፍታ ነው» አለች፣ ስሟን ባዶው ቦታ ላይ እየጻፈች። «ይህን አውቀዋለሁ።»